ዲማ ሃሳዎ (አሳም፣ ህንድ) ወረዳ ነው ወይስ ዞን? ካርታውና ቁጥሩ አልገጥም አለ

ከዚራ_ካርታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ክበብ ስለ አንድ የሰሜን ምሥራቅ ህንድ ዲስትሪክት የግድግዳ ካርታና አራት ገጽ ማብራሪያ እየተሰናዳ ነው። የተመረጠው አሳም ግዛት ውስጥ ያለው ዲማ ሃሳዎ ነው። ተራራ አለው፣ ባቡር አለው፣ በርካታ ብሔረሰብ አለው፤ ለድሬ ልጅ ሩቅ አይሆንበትም በሚል። ችግሩ የተሰበሰበው መረጃ እርስ በርሱ ይጣላል። አንዱ ካርታ «ሰሜን ካቻር ኮረብቶች» ይላል፣ ሌላው ዲማ ሃሳዎ። የቆዳ ስፋቱ አንድ ቦታ 4,888፣ ሌላ ቦታ 15,322 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሏል። አስተዳዳሪው አንዴ «ኮሚሽነር»፣ አንዴ «የምክር ቤት ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ነው። ወንዞቹም ግማሾቹ ወደ ሰሜን፣ ግማሾቹ ወደ ደቡብ ተስለዋል፤ ስህተት ይሆን? ደግሞስ ዲስትሪክት በአማርኛ ወረዳ ቢባል ያስኬዳል? ረቂቁ እስካሁን «ወረዳ» እያለ ነው የተጻፈው። ስለ ሕዝቡና ስለ ባቡሩም የምታውቁትን ጣል አድርጉ።

ሸዋ_በር (ሐረር)፦
ወንድሜ፣ ችግርህ ሁሉ የሚነሳው «ወረዳ» ካልከው ቃል ነው። እሱን መጀመሪያ ፋቀው።

ህንድ ውስጥ ዲስትሪክት በቀጥታ ከግዛቱ በታች ያለ እርከን ነው። ከሱ ሥር ንዑስ ዲስትሪክቶች አሉ፤ ከነሱ ጎን ደግሞ የልማት ሥራ የሚከፋፈልባቸው ብሎኮች አሉ። ለእኛ ወረዳ የሚቀርበው ብሎኩ ነው። ዲማ ሃሳዎ አምስት ብሎኮች አሉት፦ ጃቲንጋ ቫሊ፣ ዲዩንግ ቫሊ፣ ሃራንጋጃዎ፣ ኒው ሳንግባርና ዲዩንግብራ። ስለዚህ ዲስትሪክቱ ዞን ነው፤ እንዲያውም ተራ ዞን ሳይሆን እንደ አዊ ወይም እንደ ዋግ ኽምራ ያለ የብሔረሰብ ዞን ብትለው ይቀርባል። ማዕከሉ ሃፍሎንግ ከተማ ነው።

ስሙ፦ ሰሜን ካቻር ኮረብቶችና ዲማ ሃሳዎ አንድ ቦታ ናቸው። የተቀየረው በማርች 2010 ነው (ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። «ሰሜን» የተባለውን ቆርጠህ «ካቻር» ብለህ እንዳትጽፍ፤ ካቻር ከሱ በስተደቡብ ያለ፣ ሲልቻር የሚባል ከተማ ያለበት ሌላ ዲስትሪክት ነው። ለጥ ያለ ሜዳ ይበዛበታል።

15,322 የመጣው ደግሞ ከዚህ ነው። ከ1951 እስከ 1970 ድረስ ሰሜን ካቻርና የሚኪር ኮረብቶች አንድ ዲስትሪክት ነበሩ። የሚኪር ኮረብቶች ኋላ ካርቢ አንግሎንግ ተባለ፤ ስፋቱ 10,434 ነበር። 4,888 ስትደምርበት 15,322 ይሆናል። በፌብሩዋሪ 1970 ተለያዩ። ከዚያ በፊት ያለ ማንኛውም የሕዝብ ወይም የስፋት ቁጥር የሁለቱ ድምር ሊሆን ስለሚችል ካርታው ላይ ከማስፈርህ በፊት ዓመቱን ተመልከት። ለዛሬው 4,888 ጻፍ። የ2011 ቆጠራ ሕዝቡን 214,102 አድርጎታል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 44 ሰው ገደማ ማለት ነው። ከአሳም ቆዳ 6 በመቶውን ይዞ ከሕዝቧ 1 በመቶ አይሞላም። ለልጆቹ እንዲገባቸው፦ ቦታው ከነገጠሯ ከድሬዳዋ አስተዳደር ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የእኛዋ ድሬ ግን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ 341,834 ሰው ነበራት።

አሁን ወደ ሁለቱ አለቆች። ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው ዲስትሪክት ኮሚሽነሩ ነው። ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል በግዛቱ መንግሥት ይሾማል፤ ጸጥታና ሕግ ማስከበር፣ የፓርላማ ምርጫ፣ የአደጋ መከላከል በሱ እጅ ነው። ሁለተኛው በሕገ መንግሥቱ ስድስተኛ ሠንጠረዥ መሠረት የቆመው ራስ ገዝ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ከ1952 ጀምሮ አለ፤ 30 መቀመጫ አለው፣ 28ቱ በምርጫ፣ ሁለቱ በግዛቱ ገዥ ሹመት ይሞላሉ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከነዚህ ይወጣል።

ምክር ቤቱ ስለ መሬት ድልድል፣ ከተጠበቀው ደን ውጭ ስላለው ደን፣ ስለ ተዘዋዋሪ እርሻ፣ ስለ መንደር ሹማምንት፣ ስለ ውርስና ጋብቻ ሕግ ያወጣል። ሕጉ የሚጸናው ግን ገዥው ሲያጸድቀው ነው። የባህል ፍርድ ቤቶችን ያቋቁማል፣ የገበያና የኬላ ቀረጥ ይሰበስባል። ከ1995 ወዲህ ትምህርት፣ ግብርናና የመሳሰሉት ተጨምረውለታል። ፖሊስ የለውም። ዋናው ገንዘቡም በግዛቱ ካዝና በኩል ስለሚመጣ እዚያ ሲዘገይ እዚህ ሥራ ይቆማል። በሌላው የህንድ ገጠር የምታውቀው ፓንቻያት የሚባለው የመንደር ምክር ቤት እዚህ የለም፤ ስድስተኛው ሠንጠረዥ የሚሠራበት ቦታ ከዚያ ሕግ ውጭ ነው። በመንደር ደረጃ ያለው ጋዎንቡራ የሚባለው የመንደር ሹም ነው። ማብራሪያችሁ ውስጥ ፓንቻያት ከገባ ከሌላ ዲስትሪክት የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል።

እኛ ሐረሮች ባንድ ክልል ሁለት ጉባኤ ስለለመድን ድርብ ነገር አይገርመንም። የዚያኛው ድርብነት ግን ሌላ ነው፤ የእኛ ሁለቱም ምክር ቤቶች ናቸው፣ እዚያ አንዱ የተመረጠ፣ አንዱ የተላከ ነው።

ለግዛቱ ሸንጎ የሚልከው አንድ ተወካይ ነው፣ በሃፍሎንግ መቀመጫ። ለህንድ ታችኛው ምክር ቤት ከካርቢ አንግሎንግ ጋር ተዳብሎ ይመርጣል፤ የምርጫ ክልሉ ቀድሞ «ራስ ገዝ ዲስትሪክት» ይባል ነበር፣ ከ2023ቱ ድልድል ወዲህ ዲፉ ይባላል። ሌላው የድሮ ካርታ ወጥመድ ይኸው ነው።

ደቻቱ_ማዶ፦
ወንዞቹ ትክክል ናቸው፣ እንዳታስተካክላቸው! ባራይል የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ዲስትሪክቱን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቋርጦ ያልፋል፤ የውሃ መለያያው እሱ ነው። ከሱ በስተሰሜን የወረደው ዝናብ በዲዩንግና በኮፒሊ አድርጎ ወደ ብራህማፑትራ ይሄዳል። በስተደቡብ የወረደው ጃቲንጋን ይዞ ወደ ባራክ ወንዝ ይገባል። እዚህ እኛ ዘንድ የሐረር ተራሮች ጫፍ ላይ የወረደ ውሃ ግማሹ በድሬ ወደሚያልፈው ደቻቱ፣ ግማሹ ወደ ኤረርና ወደ ዋቢ ሸበሌ እንደሚለያየው ማለት ነው። ካርታው ላይ ባራይልን በወፍራም ቡናማ አስምሩበት፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል።

አጎራባቾቹን እንዲህ አስቀምጡ፦ በምሥራቅ ናጋላንድና ማኒፑር፣ በምዕራብ ሜጋላያ፣ በደቡብ ካቻር፣ በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ዛሬ ሁለት ዲስትሪክት የሆኑት ካርቢ አንግሎንጎችና የሆጃይ ሜዳ። ከሜጋላያ ጋር ያለው ድንበር ብዙውን ኮፒሊን ይከተላል።

ዝናቡ ከድሬ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ዋናው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ቢሆንም አደጋ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ቀድሞ በኤፕሪልና በሜይ የሚወርደው ነው። ድንጋዩ በጂኦሎጂ አቆጣጠር ወጣት ነው፤ በንብርብር የሚሰነጠቅ የጭቃ ድንጋይና ልል አሸዋ ድንጋይ። ውሃ ሲጠግብ ይላላል፣ እግሩ በመንገድ ወይም በሃዲድ ከተቆረጠ ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። የደቻቱ ጎርፍ ውሃው ራሱ ይጠርጋል፤ እዚያ የሚጠርገው ኮረብታው ነው።

እርሻው ጁም የሚባል ተዘዋዋሪ እርሻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ቁጥቋጦና ቀርከሃ በበጋው አጋማሽ ይመነጥሩታል፣ ሲደርቅ በማርችና በኤፕሪል ያቃጥሉታል፣ አመዱ ሳይታጠብ በመጀመሪያው ዝናብ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ጥጥ አደባልቀው ይዘሩበታል። ማረሻ የለም፤ በእንጨት ወይም በዶማ ጉድጓድ ነው። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ትተውት ይሄዳሉ። መሬቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ካረፈ ደኑ ይመለሳል። ሕዝብ ሲበዛና ደኑ ሲከለል ዕረፍቱ ወደ አራትና አምስት ዓመት አጠረ፣ ከዚያ አመዱም አነሰ፣ አረሙም ከሰብሉ ቀድሞ ይበቅላል። ለሐረርጌ ልጅ ሲገለጽ፦ እኛ ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን አስረን እዚያው እንከርማለን፤ እነሱ ቁልቁለቱን አሳርፈው ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ዛሬ አናናስ፣ ብርቱካንና ዝንጅብል ለገበያ ይወጣሉ።

ከምዕራብ በኩል ኡምራንግሶን አትርሱ። የኖራ ድንጋይና የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፤ በጠቅላላው 275 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት የኮፒሊ የኃይል ማመንጫዎችም እዚያው ናቸው። ግድቦቹ የተሠሩት ለንጹሕ ውሃ ነበር። ከሜጋላያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች የሚወርደው ውሃ ግን አሲድ ሆኖ ብረቱን በላው፤ በ2019 ውሃ ወደ ተርባይን የሚወስደው ቧንቧ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። በጃንዋሪ 2025 ኡምራንግሶ አካባቢ አንድ የከሰል ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ሠራተኞች ውስጥ ቀርተዋል። ጉድጓዶቹ ሰው እንደ አይጥ እየተሳበ የሚገባባቸው ናቸው። የግዛት ድንበር ውሃውን አያቆመውም።

ለገሃር_1902፦
ባቡሩን ለኔ ተዉት።

ዲስትሪክቱን አቋርጦ የሚያልፈው ከሉምዲንግ ወደ ባዳርፑር የሚሄደው «የኮረብታው መስመር» ነው። የተዘረጋው በአሳም ቤንጋል ምድር ባቡር ኩባንያ፣ የእኛ ባቡር ድሬ በደረሰበት ዘመን አካባቢ ነው። ስፋቱም ያው የእኛ የድሮው ሃዲድ ስፋት፣ ልክ 1,000 ሚሊ ሜትር። ጠባብ ሃዲድ ለተራራ የሚመረጥበት ምክንያት አለ፦ ጥብቅ ጥምዝ ይቀበላል፣ ዋሻውም ሆነ ድልድዩ አነስ ብሎ ይሠራል። ዳገቱ በየ37 ሜትሩ አንድ ሜትር እስከ መውጣት ይደርስ ስለነበር ከኋላ የሚገፋ ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ይታከልበት ነበር።

ድሬ ላይ እኛ መስመሩን ትተን አዲስ 1,435 ሚሊ ሜትር ሃዲድ በሌላ በኩል ዘረጋን፤ ጣቢያውም ከመሃል ከተማ ወጣ። እዚያ ደግሞ ወደ ህንዱ ሰፊ 1,676 ሚሊ ሜትር ቀየሩት። የድሮው አገልግሎት በኦክቶበር 2014 ተቋርጦ በአዲሱ ላይ የጭነት ባቡር በማርች 2015፣ የመንገደኛው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሄደ። ሰፊ ሃዲድ ጥብቅ ጥምዝ ስለማይወድ አቅጣጫው ብዙ ቦታ ተቀይሯል፤ 21 ዋሻዎች አሉት፣ ረጅሙ 3.2 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ለካርታችሁ የሚጠቅመው ይኼ ነው፦ ከ2014 በፊት የታተመ ካርታ ሎወር ሃፍሎንግና ሃፍሎንግ ሂል የሚባሉ ጣቢያዎችን ያሳያል። ዛሬ ባቡር የሚቆመው ኒው ሃፍሎንግ ነው። ቅደም ተከተሉን ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲህ ጻፉት፦ ሉምዲንግ (ከዲስትሪክቱ ውጭ ነው)፣ ላንግቲንግ፣ ማይባንግ፣ ማሁር፣ ኒው ሃፍሎንግ፣ ጃቲንጋ፣ ሃራንጋጃዎ፣ ዲቶክቼራ፣ ከዚያ ወርዶ ባዳርፑር። መስመሩ በሰሜን ወንዙን ይዞ ወጥቶ ባራይልን ሃፍሎንግ አካባቢ ይሻገርና በጃቲንጋ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዞቹን በትክክል ካሰመራችሁ ሃዲዱ የት እንደሚያልፍ ራሱ ይነግራችኋል።

የሚበላሸው የት ነው? ደቻቱ_ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ። በሜይ 2022 አጋማሽ ለቀናት በወረደ ዝናብ ኒው ሃፍሎንግ ጣቢያ በጭቃ ተቀበረ፣ የቆመ ባቡር ተገፍቶ ተገለበጠ፣ ሁለት ባቡር ሙሉ መንገደኛ መሃል መንገድ ላይ ታግቶ ቀረ። መስመሩ የተመለሰው በጁላይ ነው። ጉዳቱ የዲስትሪክቱ ብቻ አልነበረም፤ የባራክ ሸለቆ፣ ትሪፑራ፣ ሚዞራምና የማኒፑር አንድ ወገን ባቡር የሚያገኙት በዚሁ መስመር ነው። 214 ሺህ ሰው ያለበት ቦታ ሲዘጋ ሚሊዮኖች ይዘጋባቸዋል። ከጅቡቲ ወደዚህ ያለው ሃዲድ አንድ ቦታ ሲቆረጥ ድሬ ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ማብራሪያ አያሻም።

የመኪናውም መንገድ፣ 27ኛው ብሔራዊ አውራ ጎዳና፣ እዚያው ተራራ ላይ ነው የሚሰቃየው። ከሃራንጋጃዎ ወደ ካቻር የሚወርደው ክፍል የምሥራቅ ምዕራብ ጎዳናው ሲሠራ ለዓመታት የጎተተው ነበር።

ጁገል_አምስት_በር፦
ስለ ሕዝቡ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የቃል ማስጠንቀቂያ። የህንድ መንግሥት ለነዚህ ሕዝቦች የሚጠቀምበትን ቃል ብዙ ሰው «ጎሳ» እያለ ይተረጉመዋል። አታድርጉ። «ብሔረሰብ» በሉ፤ «ጎሳ» የሚለውን ለሌላ ነገር ትፈልጉታላችሁ። ዲስትሪክቱ በስማቸው የተጠራው ዲማሳዎች የጎሳ ሥርዓታቸው ድርብ ነው፦ በአባት የሚቆጠሩ 40 ጎሳዎች፣ በእናት የሚቆጠሩ 42 ጎሳዎች። የአባቶቹ ሴንግፎንግ ይባላሉ። አንድ ሰው የሁለቱም ነው፤ ጋብቻም በሁለቱም በኩል ይጣራል። ንብረትም እንዲሁ ይከፈላል፦ የአባት የሆነው ለወንድ ልጆች፣ የእናት የሆነው (ጌጥ፣ ልብስ፣ የሽመና ዕቃ) ለሴት ልጆች፣ የጋራ የሆነው ደግሞ በጋራ። ምክር ቤቱ ስለ ውርስ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለምን እንዳስፈለገው እዚህ ላይ ይገባችኋል፤ የሜዳው ሕግ ይህን አያውቅም።

ዲማሳ ትልቁ ብሔረሰብ ነው፣ ግን ከሕዝቡ ከግማሽ በታች ነው። ቀጥሎ ዜሜ ናጋ፣ ህማር፣ ኩኪ፣ ካርቢ፣ ብያቴ፣ ህራንግኮል፣ ጃይንቲያ፣ ከዚያ ቤንጋሊና ኔፓሊ ተናጋሪዎች አሉ። ዲስትሪክቱ የዲማሳን ስም ብቻ መያዙ በ2010 ሌሎቹን ያስከፋው ለዚህ ነው፤ ዲስትሪክቱ ለሁለት ይከፈል የሚል ጥያቄም ተነስቷል። ከዚያ በፊት በ2009 በዲማሳና በዜሜ መካከል ደም ፈስሷል። ከታጠቁ የዲማሳ ቡድኖች ጋር በ2012፣ ከመጨረሻው ጋር ደግሞ በኤፕሪል 2023 የሰላም ስምምነት ተፈርሟል። ሃይማኖቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሂንዱ ነው፣ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክርስቲያን። ዲማሳዎቹ በብዛት ሂንዱ፣ ህማር፣ ኩኪና ብያቴ ክርስቲያን ናቸው፤ ዜሜዎቹ መካከል ሄራካ የሚባለውን የራሳቸውን እምነት የያዙ አሉ።

ታሪኩ በአጭሩ፦ የዲማሳ ነገሥታት መጀመሪያ ዲማፑር (ዛሬ ናጋላንድ ውስጥ)፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ማይባንግ፣ ኋላ በሜዳው ካስፑር ነበሩ። ማይባንግ ላይ ካንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ትንሽ የድንጋይ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ካርታው ላይ ምልክት ይገባዋል። ስሙ «ብዙ ሩዝ» ማለት ነው። ዲማሳ ራሱ «የትልቁ ውሃ ልጆች» ነው፦ ዲ ውሃ፣ ማ ትልቅ፣ ሳ ልጅ። በ1882 በእንግሊዞች ላይ የተነሳው ሳምቡዳን ፎንግሎ የዚህ አገር ሰው ነው።

ቋንቋው ደግሞ ለገበያ ሰው ደስ ይላል። ህማሩ ከዲማሳው፣ ዜሜው ከቤንጋሊው ጋር የሚነጋገረው «ሃፍሎንግ ሂንዲ» በሚባል ነው። የሂንዲን የወንድና የሴት ጾታ ስምምነት ጥሎ፣ ግሱን አቅልሎ ሁሉም እንዲችለው የሆነ ነው። የድሬው ታይዋን ገበያ ውስጥ ዕቃ ሲከራከሩ ሰምቶ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚራ_ካርታ፦
እግዜር ይስጥልን፤ «ወረዳ» የሚለው ከሁሉም ገጽ ወጥቷል። የቀረው አንድ፦ ልጆቹ ጃቲንጋ ላይ ወፎች ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚለውን ማስገባት ይፈልጋሉ። ይግባ?

ደቻቱ_ማዶ፦
ይግባ፣ ግን «ራሳቸውን ያጠፋሉ» የሚለው ይውጣ። የሚሆነው ይህ ነው፦ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ ጨረቃ በሌለበት፣ ጭጋግና ነፋስ ባለበት ሌሊት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአንድ ጠባብ የተራራ ጀርባ ላይ ወፎች አቅጣጫ ስተው ወደ መብራት ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሩቅ ተጓዦች አይደሉም፣ የዚያው አካባቢ ወፎች ናቸው። ከወረዱ በኋላ ፈዘው ይቀመጣሉ፤ የሚሞቱት በቀርከሃ ስለሚመቷቸው ነበር። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል፣ ማለትም ጨረቃ ቢኖር፣ ጭጋጉ ቢገለጥ፣ ነፋሱ ቢዞር ወይም መብራት ባይበራ፣ አይመጡም። ካርታው ላይ ከሃፍሎንግ በስተደቡብ፣ ባራይል ወደ ጃቲንጋ ሸለቆ ከሚወርድበት ትከሻ ላይ አስቀምጡት።

ለገሃር_1902፦
ኒው ሃፍሎንግን ከሃፍሎንግ ከተማ ላይ እንዳታደርጉት ደግሞ። ከተማው ኮረብታው ላይ ነው፣ ጣቢያው ከታች ሸለቆው ውስጥ። ሁለት ነጥብ ነው የሚያስፈልገው።